በካኪ ወረቀት የተሸፈነው ዘንዶ

«ይሄን ለልጅ ያከራያሉ፣ ጋሽ ወልዴ? እርስዎ ልጅ የለዎትም?»

እናቴ ይህን ስትጠይቅ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ጋሽ ወልዴም ለሦስተኛ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አራት ልጆች እንዳሏቸው፣ አራቱም ማንበብ እንደማይወዱ መለሱላት። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ አያለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ እንደሌለው ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

የቆምነው ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ጋሽ ወልዴ መጽሐፍ በሚያከራዩባት፣ ከቁም ሣጥን ብዙም በማትሰፋ ሱቅ ፊት ነው። ድሮ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበሩ፤ ቤቶቹ ሲፈርሱ መጽሐፎቻቸውን በጋሪ አስጭነው ወደዚህ መጡ። መጽሐፍ ተከራይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ሥርዓቱን ልንገራችሁ። ጋሽ ወልዴ እያንዳንዱን መጽሐፍ በካኪ ወረቀት ይሸፍኑታል። ፎቷችሁ ያለበት ካርድ ደግሞ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። የወሰዳችሁት መጽሐፍ ሳይመለስ ካርዳችሁ አይሰጣችሁም። ወላጅ ቅሬታ አቅርቦ የወሰደው ካርድ ግን ተመልሶ ቆርቆሮው ውስጥ አይገባም። እናቴ የመጣችው መጽሐፉን መልሳ ካርዴን ልታስወጣ ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያለው ለፈተና የሚጠና ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ ካርድ ከወጣች ለእኔ ልቦለድ የሚባል ነገር አበቃ ማለት ነው።

ጥፋቱ የጀመረው በድምፄ ነው። ክፍላችን ውስጥ ያንን የዘንዶ፣ የሰይፍና የአስማተኛ ረጅም ልቦለድ ያላነበበ ፋራ ነው። ፋራ ላለመሆን ስል መጥቼ ጠየቅሁ፤ የእኔ ድምፅ ግን ከአፌ ወጥቶ ሁለት እርምጃ አይሄድም፣ ጋሽ ወልዴም ድገሚው ማለት ሰልችቷቸዋል። «ዘንዶ» የምትለዋን ብቻ ያዙና ከዘንዶዎቹ መደርደሪያ አንዱን መዘው ሰጡኝ። የሰጡኝ ግን ልቦለዱን ሳይሆን በልቦለዱ ላይ የሚያላግጠውን ሌላ መጽሐፍ ነበር። ካኪው ሥር፣ ሽፋኑ ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» ይላል። ይህን ያወቅሁት ካኪው ሲላላ፣ ገጽ አስር አካባቢ ነው። ማቆም ነበረብኝ። ገጽ ሁለት መቶ ስደርስም ማቆም እንዳለብኝ አስብ ነበር።

እናንተም ምን ይሆን ብላችሁ እንደጓጓችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ጓጉቼ ነበር። ልዑሉ ዘንዶውን ሊገድል ሲሄድ ዋሻው በር ላይ የተቀመጠች ጸሐፊ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ተመለስ» ትለዋለች። ዘንዶው ወገቡን ያመዋል፤ እሳት በተፋ ቁጥር ቃር ያስቸግረዋል። ተርጓሚው የአራዳ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ስድቡ ሁሉ የፒያሳ ነው። ስድብ አለበት፣ አልዋሻችሁም። ልዑሉ ፎጣ ብቻ አገልድሞ ከመታጠቢያ ቤት የሚሮጥበት ምዕራፍም አለ። የቀረው ግን የቤት ኪራይ፣ የወገብ ሕመም፣ የአማትና የስብሰባ ነገር ነው። አዋቂዎች የሚደብቁን ይህንን ከሆነ አልፈርድባቸውም። ቀድመን ብናውቅ ማን ያድግ ነበር?

የተያዝኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መጽሐፉን ፊዚክስ ውስጥ አድርጌ አነባለሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው ባሊው ላይ ጠብ የሚለው ቧንቧችን ብቻ ነው። አባቴ ቧንቧውን «ነገ» ማለት የጀመረው ከረመዳን በፊት ነው። አባቴ ጥሩ ሰው ነው፤ በየእራቱ የተጣሉ አገሮችን በወሬ ሲያስታርቅ ያመሻል፣ ቧንቧው ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ በዚያ ጸጥታ መሃል ሳቅሁ። እናቴ ክርና ቁልፍ የምትሸጥበትን ሱቅ ዘግታ እየገባች ነበር።

«ፊዚክስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስቀው?» አለች።

መጽሐፉን ቀምታ በዘፈቀደ ስትከፍት ያገኘችው፣ እንደምትገምቱት፣ ፎጣውን ነው።

ወደ ጠቡ ልመልሳችሁ። ጋሽ ወልዴ ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የእኔ እንዳልሆነ፣ ሳያዩ እንደሰጡኝ አመኑ። ቀልድ እንደሆነም አስረዱ።

«ቀልድ ከሆነ እኔ ለምን አልሳቅሁም?» አለች እናቴ።

ጋሽ ወልዴ ቆርቆሮውን ከፍተው ካርዴን አወጡና መጽሐፎቹ ላይ አስቀመጡት። ፎቶው ላይም ወደ መሬት ነው የማየው። መጽሐፍ ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች መምረጣቸውን ትተው ጆሯቸውን ሰጡን።

እናቴ መጽሐፉን ለጋሽ ወልዴ ልትሰጥ እጇን ከዘረጋች በኋላ ወደ እኔ መለሰችው። «እስቲ አንቺን ያሳቀሽን አንብቢልኝ። እዚሁ። ጮክ ብለሽ።»

ክፍል ውስጥ እንኳ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ገጹን ፈልጌ አገኘሁትና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

«አስማተኛው ‹ዓለምን ላድን መሄዴ ነው› አለ። ሚስቱ ከማጀት ሳትወጣ፣ ‹ሂድ፤ ግን ዓለም ከመዳኗ በፊት ያቺ ቧንቧ ትዳን። አንተ ሦስት ዘንዶ ስትገድል እሷ መንጠባጠብ አላቆመችም› አለችው። አስማተኛው ‹ነገ› አለና የቤቱን ብቸኛ መጥረጊያ ፈረስ አድርጎ በመስኮት በረረ።»

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ሳቀ። እናቴ አየችውና አቆመ።

«ነገ አለ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እሷስ ምን አደረገች?»

«እዚያ ላይ ነው የያዝሽኝ። አላነበብኩትም።»

መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ቅጠሉን ገለበጠች። እናቴን ከመድኃኒት ማሸጊያ ሌላ ስታነብ አይቻት አላውቅም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አንድ ገጽ ጨረሰች፤ ሁለተኛው ላይ አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን አልተሸፈነም፣ ይርገፈገፋል።

ጋሽ ወልዴ ካርዴን አንስተው ዘረጉላት። «ይኸው ካርዷ፣ እትዬ ዘይነባ። መጽሐፉን ይስጡኝ።»

እናቴ ካርዱን አየች። መጽሐፉን አየች። ጋሽ ወልዴ እጃቸው እስኪዝል ድረስ ጠበቁና ካርዱን ወደ ቆርቆሮው መልሰው ጣሉት። እናቴ ያን ጊዜ መንገዱን ተሻግራ ነበር፤ መጽሐፉ በሻርፗ ሥር፣ አንድ ጣቷ ገጹ ውስጥ እንደገባ፣ ወደ ቤት አቅጣጫ ትሄዳለች።