ቪዲዮ ጌምን ከነሥሩ የነቀለው ሪፖርት

በዚህ አገር ዘጠነኛ ክፍልን አንድ ጊዜ ብቻ የተማረ ጎልማሳ ካያችሁ፣ ልጅ የሌለው ነው። ልጅ ያለንማ ደግመን፣ ሠልሰን እየተማርን ነው። እኔ ለምሳሌ የመጀመሪያውን በደኅና ጊዜ፣ በራሴ ደብተርና በራሴ ጭንቅላት ተምሬ አለፍሁ። ሁለተኛውን በትልቁ ልጄ ስም ተማርሁ። ዘንድሮ ደግሞ በቤዛ ስም ተመዝግቤያለሁ። እናንተስ? አትሸሽጉኝ... ባለፈው እሑድ ምላሳችሁን አውጥታችሁ የአፍሪካን ካርታ ቀለም ስትቀቡ የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁም?

ቤዛ ትንሿ ልጄ ናት። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ አላቸው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ስድስት ቴሌቪዥን ደርድረው ጌም ቤት ከፍተዋል። ልጄ እዚያ የኳስ ጌም ትጫወታለች። ትጫወታለች ስል አቅልዬው ነው፤ ወንዶቹን ትገርፋቸዋለች አሉ። ይህንን ያወቅሁት ከአንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ሰፈሬን ስነግረው በመስታወቱ አየኝና፣ የቤዛ አባት እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። አሥራ ሰባት ዓመት በመንግሥት ሥራ ሳገለግል እንደዚያ ያለ ክብር ከማንም አግኝቼ አላውቅም።

ሌላ አባት ቢሆን ይኮራ ነበር። እኔ ቤት ገብቼ ከለከልሁ። እስከ ሰኔ ድረስ ጌም ቤት ደጃፍ ዝር እንዳትይ አልኋት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የክፍሏ መምህር ርእስ በዕጣ አደሉና ለቤዛ የደረሳት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የቪዲዮ ጌም ውድድር እድገት"! ሐሙስ፣ በወላጆች ቀን፣ በሰው ፊት የሚቀርብ፣ ከሃያ የሚታረም። ቅዳሜ ደግሞ ሐጂ ኑሩ ቤት ትልቅ ግጥሚያ አለ፤ የዓባይ ማዶ ልጆች ከድልድዩ ወዲያ ካሉት ጋር። ዓባይ ማዶ ያለ ቤዛ ማለት በረኛ የሌለው ቡድን ማለት ነው አሉ። ልጄ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

የአባት አንጀት ነውና ትንሽ ራራሁ። ከሃያው አሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ካመጣሽ ቅዳሜ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ወሬውንም እንዳታነሽብኝ አልሁ። እናቷ አለምነሽ ምስክር ሆነች። ቤዛም አንዲት ነገር ብቻ ለመነችኝ።

"አባዬ፣ ይኼን እኔ ራሴ ልሥራው። እሺ?"

"እሺ" አልሁ። እውነቴን ነበር... ለሁለት ቀን ያህል።

ልጅቷ አራት ገጽ ጻፈች። ጨዋታው ዱሮ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጊዜ የሚገድልበት ነገር እንደነበር፣ ኢንተርኔት ሲመጣ ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር መግጠም እንደተቻለ፣ ከዚያ ቡድን፣ አሠልጣኝና ሽልማት እንደመጣ፣ ዛሬ ሰው ሲጫወት ለማየት ብቻ ሌላው አዳራሽ ሙሉ ሆኖ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ አስቀምጣዋለች። ከዚያ ወደ እኛ ሰፈር ትመጣለች። ሐጂ ኑሩ በመጀመሪያ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ እንደነበራቸው፣ እሷ መጀመሪያ የገባች ዕለት ወንዶቹ እንዴት እንደሳቁባትና በሦስተኛው ቀን እንዴት ዝም እንዳሉ ሁሉ ጽፋለች።

እና እኔ፣ ይህን አንብቤ ምን አልሁ? "የመግቢያው መግቢያ የታለ?" አልሁ። አጠቃላይ ዓላማ የለው፣ ዝርዝር ዓላማ የለው፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች የሉት... እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው ይኼ? አለምነሽ ከወጥ ቤት ሆና፣ አንተ ሰውዬ ልጅቷ ጨርሳለች'ኮ፣ ምን አገባህ አለችኝ። ምን አገባኝ? ሥራዬ ነዋ! ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ዕቅድና ሪፖርት አዘጋጅ ነኝ። ከዘጠና በመቶ በታች ያከናወነ ክፍል በእጄ አልፎ አያውቅም፤ ያልተከናወነውንም እኔው አከናውኜ ነው የማሳልፈው። የእኔ ልጅ በሕዝብ ፊት ማጠቃለያ የሌለው ጽሑፍ ልታነብ? ምን ይሉኛል?

ረቡዕ ከሰዓት ቢሮ ገባሁና ኮምፒዩተሬን ከፈትሁ። ስለ ቪዲዮ ጌም የማውቀው ነገር ቢኖር ልጄን የከለከልሁ መሆኔን ብቻ ነው። ባዶ ገጹ ያፈጥጥብኛል፣ እኔም አፈጥጥበታለሁ። በኋላ እንደ ልማዴ የዱሮ ሥራዎቼን ስገላብጥ ምን አገኘሁ... "በጣና ሐይቅ ዳርቻ የእምቦጭ አረም መስፋፋት፣ ያስከተለው ጉዳትና የተካሄደ የነቀላ ዘመቻ" የሚል፣ በየመድረኩ የተጨበጨበለት ሪፖርቴ! መስፋፋት ማለት እድገት አይደለም እንዴ? ቅርጹ ያው ነው፤ መግቢያ አለው፣ ዓላማ አለው፣ ማጠቃለያ አለው። "እምቦጭ" የሚለውን ሁሉ በ"ቪዲዮ ጌም" ተካልኝ ብዬ ኮምፒዩተሩን አዘዝሁት። እሱ ምስኪን፣ የታዘዘውን በቅጽበት ፈጸመ። የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን አስተካከልሁ። መሐሉን አላየሁትም። መሐሉን ማን ያነባል? እስከ ዛሬ አንብቦት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሐሙስ ጧት ቤዛ ስታገላብጠው ቆይታ ፊቷ ተለዋወጠ። "አባዬ፣ እዚህ ጋ..." ስትል አቋረጥኋት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንዳትነኪ አልኋት። ደግማ ሞከረች። ደግሜ አቋረጥኋት። ልጄ ወረቀቱን ቀስ አድርጋ አጠፈችና አየችኝ። ያንን አስተያየት እናቷ ታውቅበታለች፤ ከሱ በኋላ ዝናብ አይቀርም።

"እንደ ጻፍኸው ላንብበው?"

"እንደ ጻፍሁት!"

አዳራሹ ሞልቷል። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ የሌለው ወላጅ የለም፣ ግን ለወላጆች ቀን ሁሉም ያስፈቅዳል፤ በልጁ ስም የሚቀርበው የራሱ ሥራ ነዋ! አንዱ የኮሌጅ መምህር ነው፣ አንዱ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ የቀረነው የቢሮ ሰዎች ነን። ከፊት የክብር እንግዳ ተቀምጠዋል፤ ከአንድ ቢሮ የመጡ ኃላፊ ናቸው። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ክራቫቴን አጥብቄ፣ ስልኬን ለቪዲዮ አዘጋጅቼ ተቀመጥሁ።

ቤዛ ወጣች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። መግቢያው እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።

"ቪዲዮ ጌም በሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ የሚያድግ ሲሆን፣ ሐምራዊ አበባው ለዓይን ይማርካል።"

ስልኬን ዝቅ አደረግሁ። ልጄ ግን ቀጠለች። ቪዲዮ ጌም ውኃ በብዛት ይመጥጣል አለች። ዓሣ እንዳይራባ ያደርጋል፣ የታንኳ መተላለፊያ ይዘጋል አለች። ዘሩ በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል አለች። ኅብረተሰቡ በነቂስ ወጥቶ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ በመግባት ቪዲዮ ጌምን በእጁ ነቅሏል፣ የተነቀለውም ቪዲዮ ጌም በዳር ተከምሮ፣ ደርቆ ተቃጥሏል አለች። ቪዲዮ ጌምን እየበላ የሚያጠፋ ጢንዚዛ ለማራባት የተጀመረው ሙከራ ላይ ስትደርስማ ከወንበሬ ሥር ገብቼ መደበቅ አማረኝ።

ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። የሚስቅ ሰው የለም! ከጎኔ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወሻ ይይዛል። የኮሌጁ መምህር አገጩን ይዞ ይነቀንቃል። የክብር እንግዳው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየአንቀጹ መጨረሻ "ልክ ነው... ልክ ነው" ይላሉ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያኔ ነው በጣም የደነገጥሁት። እኔ እኮ መሐሉን ማንም አያነበውም ስል፣ ሲነበብላቸው ይሰማሉ ብዬ ነበር።

የነቃው አንድ ሰው ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከይፋግ የመጡ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ የሩዝ ገበሬ ከኋላ ተነሡ።

"ልጄ፣ ይኼ ቪዲዮ ጌም የምትዪው... እኛ አገር እምቦጭ የምንለው አይደለም እንዴ? ማሳዬን የጨረሰው?"

ተረፍሁ ወይም ሞትሁ ብዬ ስጠብቅ የክብር እንግዳው ዞር አሉና በትሕትና መለሱላቸው። "አዎ አባት፤ ስሙ በየአካባቢው ይለያያል።"

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እንግዳው መድረክ ላይ ወጥተው የልጄን እጅ ጨበጡ፤ ይህን የሚያህል ጥናት በዚህ ዕድሜ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ችግሩ በዚህ ደረጃ መስፋፋቱን ካወቅን ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፣ ቪዲዮ ጌምን የመንቀል ዘመቻው ነገ ይጀመራል አሉ። እዚያው በዚያው ኮሚቴ ተቋቋመ። እጄን አላወጣሁም፤ ባላወጣም ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥሁ።

ስንወጣ መምህሩ ውጤቱን ሰጡን። ሃያ ከሃያ። እኚህ ሰው ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ከከንፈራቸው ጫፍ ያስታውቃል። እንዴት ሙሉ ሰጡ ብዬ በጨዋ ደንብ ብጠይቃቸው፣ የክብር እንግዳ ቆመው ያጨበጨቡለትን እሳቸው ማን ሆነው እንደሚቀንሱ መልሰው ጠየቁኝ። ቤዛ በበኩሏ ወረቀቱን ተቀበለችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤት ስንደርስ "ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለች። ውል ውል ነው፣ ትሄጃለሽ አልኋት። እንዲያውም አብሬሽ እሄዳለሁ አልሁ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ቅዳሜ ጧት ተያይዘን ወጣን። ማሊያዋን ለብሳለች፤ ከጀርባው ስሟን በእስክሪፕቶ ራሷ ጽፋበታለች። ሐጂ ኑሩ ደጃፍ ስንደርስ ከሁለቱም ወገን የመጡ ልጆች በግንቡ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። የጌም ቤቱ በር ላይ "ታሽጓል" የሚል ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ዘመቻው በእውነት በማግሥቱ ተጀምሮ ኖሯል! በዚህ አገር ነገ ይጀመራል ተብሎ ነገ ሲጀመር ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሐጂ ኑሩ ሱቃቸው ፊት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ተነሥተው ሰላም አሉኝ። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስለ ልጅዎ ንባብ ሰማሁ። አንደበቷ ጥሩ ነው አሉ" አሉኝ። "እኔ ሐይቁ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ግን አልገባኝም።"

እንኳን እሳቸው፣ እኔስ ገባኝ? ከድልድዩ ወዲያ የመጡት ልጆች፣ አሁን እነሱ ለእኛ ተሸነፉ ማለት ነው ወይስ እኛ ለነሱ፣ እያሉ ሲከራከሩ ቆይተው አንድ በአንድ ወደ ድልድዩ አቀኑ። የዓባይ ማዶዎቹ ቤዛን እያዩ ተበተኑ። ልጄ በሩን እያየች ቆመች። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከታች፣ እኔ ሳልጠየቅ፣ በኮሚቴው ጸሐፊነት የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

የሆነ ነገር ማድረግ አለብኝ... ምን አውቃለሁ? የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከኪሴ እስክሪፕቶ አወጣሁና፣ አይዞሽ ልጄ፣ አሁኑኑ የአቤቱታ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሰኞ ይከፈታል አልኋት።

እስክሪፕቶውን ከእጄ ወሰደችው።

"ተወው አባዬ። አንተ ከጻፍኸው ሱቁንም ያሽጉታል።"

ሐጂ ኑሩ ወረቀት አመጡላት። ዱካው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። መግቢያ የለው፣ ዓላማ የለው፣ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። ላስተካክልላት ጎንበስ ስል ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋችብኝ። እኔም ቀና ብዬ፣ የታሸገውን በር እያየሁ ቆሜ ጠበቅኋት። ሃያ ከሃያ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜዋን ያጣችው እሷ ናት።