በጨለማ የሳቁ እናቶች

አሮጌ ነገር ሁሉ ጨዋ ይመስለናል። ሰውዬው በወጣትነቱ ምን ሲሠራ እንደኖረ ሳንጠይቅ ሽበቱን አይተን ከወንበር እንነሳለታለን፤ መጽሐፍም ቢሆን አቧራ ከጠጣ በእኛ ዘንድ ቅዱስ ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ላምቦሬ ያንን ፊልም የመረጡት በዚሁ ሂሳብ ነው። ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ የደፉ ወይዛዝርትና ፈረሶች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ከታወቀ ጥንታዊ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የተወሰደ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ነገሩ የመጣው በልጄ በቤተልሔም ክፍል ምክንያት ነው። ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረች ናት። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለእናቶች እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። እናቶች ስል በስፓዛ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር ባለች ትንሽ ሱቅ፣ ፍርግርግ ጀርባ ቆመው የሚውሉትን ማለቴ ነው። የዙሉን ቋንቋ ከደንበኛ ለቅመዋል፤ ግን የዳቦና የስኳር ዙሉ ነው፣ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ድረስ አይዘልቅም።

ከነሱ አንዷ ወርቅነሽ ናት። ባሏን ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር፣ ሱቃቸው ውስጥ፣ ዓይኗ እያየ ዘራፊዎች ገደሉባት። ፖሊስ መጥቶ ምን አየሽ ሲላት፣ ሁሉን አይታ፣ የምትናገርበት አፍ አጥታ ቀረች። ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣችው እሷ ናት። ከሐዘኗ ወዲህ ስትስቅ ያየ ሰው አልነበረም።

የትምህርቱ ዙር ሲያልቅ ጋሽ ላምቦሬ ለማበረታቻ ፊልም ይታይ አሉ። ፕሮጀክተሩ የእኔ ነው፤ ካትሌሆንግ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ኳስ ላሳይበት የገዛሁት። ቤቲ ሽፋኑን ገና ስታየው፣ ይሄ የአልጋ ቀልድ የበዛበት ነው፣ መጽሐፉን ተምሬዋለሁ፣ ሌላ ላምጣ አለቻቸው። እሳቸውም የዱሮ እንግሊዞች ፈሪሃ እግዚአብሔር የነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን አስረድተው አሰናበቷት።

የመስኮቱ መጋረጃ ተጋርዶ ፊልሙ ግድግዳው ላይ ተጀመረ። ነጭ ዊግ ያጠለቀ ወጣት በፈረስ ከማደሪያ ማደሪያ ይዞራል፤ በደረሰበት ሁሉ ሴት ታሳድደዋለች። የሴቶቹ ቀሚስ ከታች መሬት ይጠርጋል፤ ከላይ ግን ጨርቁ ያለቀባቸው ይመስላል። አንዷ ሾርባ ልታቀርብ ጎንበስ ስትል ጋሽ ላምቦሬ ተስፈንጥረው ግድግዳው ፊት ቆሙ፣ በገዛ ሰውነታቸው ሊከልሉን። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበርና ሴትዮዋ ከነሾርባዋ ደረታቸው ላይ ሰፈረች። እውነቱን ለመናገር፣ ግድግዳው ላይ እንዲያ ጠርታ አልታየችም። ጎንበስ ብለው የተሸከሙትን ባዩ ጊዜ ኮታቸውን አውልቀው ፕሮጀክተሩ ላይ ጣሉበት። አዳራሹ ጨለመ።

ድምፁ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ስፒከር ቀጠለ። የቱ ቁልፍ እንደሚያጠፋው በዳበሳ ሲፈለግ፣ ቤቲ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ባለማደሪያዋ ለወጣቱ አልጋው ለአንድ ሰው ይጠባል ስትለው፣ እሱ ደግሞ እንግዲያው ለሁለት ይበቃል አላት። በጨለማው ውስጥ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ወርቅነሽ ነበረች። የክፍሉ እናቶች በሙሉ ተከተሏት። እኛ ወንዶቹ፣ ምን አለ? ምን አለ? እንባባላለን። መጋረጃው ሲገለጥ ወርቅነሽ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ነበር፤ ቤቲም እንደዚያው። መምህር ከዚህ የተሻለ ፈተና ከየት ያመጣል?

"ምንም በማይታይበት ምን አሳቃቸው?" አሉ ጋሽ ላምቦሬ። መልሱን ሲደርሱበት ክፍሉን ዘጉት።

በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ልጄ አስቀድማ ነግራዎት ነበር አልኳቸው ጋሽ ላምቦሬን። አልካዱም። ግን ጸያፍ መሆኑን በምን አወቀች? አንብባዋለች ማለት ነው፤ ያንን ያነበበች ልጅ ደግሞ እናቶቻችንን ልታስተምር አይገባም አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

"እሺ፣ እናቶቹስ ምን አጠፉ?" አልኳቸው።

"ገባቸው" አሉኝ። "እኛ ያልገባን ነገር ገባቸው።"

ቤቲ ስትሰማ "ዳዲ፣ ኢትስ ፋይን" አለችኝ። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ኢትስ ፋይን፣ ምንም አይደለም፣ ካሉ ነገሩ እንደማይጠገን እወቁ። ኬፕታውን ሥራ አገኘችና ሄደች። እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ከዚያ ጋሽ ላምቦሬን ሽንት ከለከላቸው። ይዣቸው ሆስፒታል በረርኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከእንግሊዝኛ በቀር አትችልም፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከጅምላ መደብር በር አያልፍም። የሚችሉት ልጆች ሥራ ላይ ናቸው። ማን ተገኘ? ወርቅነሽ። ሱቋን ዘግታ መጣች፣ እግዜር ይስጣት።

ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ ወርቅነሽ ፊቷን ሳታጨማድድ ትተረጉማለች። ሽንቱ ያቃጥላል ወይ፣ ይንጠባጠባል ወይ። ወደ ዋናው ሲደረስ፣ "ጋሼ፣ ከባለቤትዎ ጋር አልጋ ላይ ያለው ነገር እንዴት ነው ትላለች" አለቻቸው። ጋሽ ላምቦሬ ኮርኒሱን እያዩ፣ ደህና ነው በያት አሉ። ወርቅነሽ ከዚያች አጭር መልስ በጣም የሚረዝም ነገር ተናገረች፤ ሐኪሟም ሳቋን ለመያዝ ጀርባዋን ሰጠችን። ምን አለቻት ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንደሆንኩ ዛሬም አልገባኝም።

ድነው እንደወጡ ለምስክርነት መድረክ ላይ ቆሙ። ትምህርት ላልዘለቃት እህታችን ጌታ በጭንቄ ሰዓት ልሳን ሰጣት፣ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ፈሰሰላት አሉ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ወርቅነሽ፣ ኧረ እኔን ያስተማረችኝ ቤተልሔም ናት ልትል ብድግ አለች፤ መዘምራኑ ቀደሟት።

ባለፈው እሁድ እናቶቹ ተሰብስበው ክፍላችን ይከፈትልን ብለው ጋሽ ላምቦሬን ለመኗቸው። በርኅራኄ ሰሟቸው። እንግሊዝኛ የምትፈልግ ትጹም አሏቸው።