ጋሼ ምክንያትና የሚያዘግመው ዲስክ

ዕቃ ሲበላሽ የሰው ልጅ ከሁለት ይከፈላል፤ የሚመታና የሚጠይቅ። ባለቤቴ ከሚመቱት ወገን ነው። ቴሌቪዥኑን ጎኑን፣ ሬዲዮኑን አናቱን፣ የውሃ ማሞቂያውን ባገኘው ቦታ። አንዳንዴ ይሠራለታል፤ የልብ ልብ የሰጠውም ይኸው ነው። ከሚጠይቁት ወገን ደግሞ በየሕንፃው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ምድር ቤት ይኖራሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ለሁላችንም ጋሼ ምክንያት ናቸው።

ክቡር ጋሼ ምክንያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ሲጠብቁና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሸሚዝ ኪሳቸው ትንሽ ካቻቢቴና የመነጽር ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። እሳቸው ፊት «ተበላሸ» ማለት ነውር ነው። «ምክንያት አለው» ይሉና ምርመራውን ይጀምራሉ። ከመቼ ወዲህ? ከዚያ በፊት ማን ነካው? ድምፁ እንዴት ነው፣ እስቲ አስመስዪልኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ልብስ ሰፊ ስለ ስፌት መኪናዋ ሲጠይቋት ሲጠይቋት፣ ከአማቷ ጋር የተጣላችበትን ቀን ሳይቀር ዘርዝራላቸው ወጣች። መኪናው ተሠራ። ከአማቷም ታርቃለች ይባላል። የአስተማሪዋ ፍሪጅ ያቃስታል የተባለ ጊዜ ደግሞ ወንበር አስመጥተው እንደ አስታማሚ አጠገቡ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ ተነሡና ከኋላው ተሸጉጦ የኖረ የድስት ክዳን መዘው አወጡ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ቅርባችን ያለ ክሊኒክ ለካርድ ክፍል ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ኮምፒውተር ላይ ፈጥኖ የሚጽፍና የሚመዘግብ። የመጀመሪያው አለኝ። ሁለተኛውን ለማግኘት አንዲት ጓደኛዬ የተማረችበትን ዲስክ አዋሰችኝ። ፈተናው ሐሙስ ነው።

ልጄ ሚጣ ቀን ላይ ሃምሳ ደቂቃ ትተኛለች። ከሃያ አራቱ ሰዓት የእኔ የሆነው ያ ብቻ ነው፤ ከመሸማ እንኳን ጣቴ ዓይኔም አይታዘዘኝ። ከወንድሜ የወረስኩት ኮምፒውተር ግን አንዱን ትምህርት ለመክፈት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ያጓራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጓራል። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛው ሳይከፈት ሚጣ ዓይኗን ትከፍታለች። ባለቤቴ አንዴ በመዳፉ ጧ አደረገለት። ጭራሽ ባሰበት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጋሼ ወርጄ ይዣቸው ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ፈተና አለብኝ። እባክዎ ይቺን ነገር ቶሎ...»

«ምክንያት አለው፣ ልጄ።»

«ምክንያቱ ሐሙስን እንዳያልፍብኝ ነው የፈራሁት!»

«ቁጭ በይ። ዲስኩን በምን ትጠርጊዋለሽ?»

«በቀሚሴ ጫፍ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ዙሪያውን ነዋ፣ እንደ ሰሃን።»

ጋሼ የሚወዱት ሰው እንደታመመባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰሃን አይደለም። የተጻፈው ዙሪያውን ነው፤ ዙሪያውን ከጫርሽው አንዱን መስመር በሙሉ አጠፋሽው ማለት ነው። ከመሐል ወደ ዳር ጥረጊ። ያኔ ቢጫርም የሚቆረጠው ትንሽ ነው፣ ዘሎት ያልፋል።»

ቅዳሜ በመጥረግ አለቀች። እሑድ ተራው የሌንሱ ሆነ። ዲስኩ የሚገባበትን ማንበቢያ ከፍተው ዓይኑን ካዩ በኋላ «የሚነፋ ነገር አለሽ?» አሉኝ። የሚጣን የአፍንጫ መምጠጫ ጎማ አጥቤ፣ አድርቄ ሰጠኋቸው። በዚያው አቧራውን እፍ እፍ አደረጉለት። ሃያ አምስቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ። ባለቤቴ ከበር ላይ ቆሞ፣ «በዚህ አያያዝ የሚጣ ልጅ ትማርበታለች» አለ።

ስለ እኔም አንድ ነገር ልናገር። ቤቴ ውስጥ ስሙ ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። ስኳር፣ ጨው፣ የሚጣ መድኃኒት፣ የክረምት ልብስ፣ ሁሉም በካርቶን ቁራጭና በፕላስተር። ባለቤቴ «አንድ ቀን ተኝቼ ግንባሬ ላይ እንዳትለጥፊብኝ» እያለ ያሾፋል። ዲስኩም ጀርባው ላይ ነበረበት፤ «የእማማ ትምህርት፤ አይነካም!»

ሰኞ ጋሼ ጆሯቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ደግነው ቆዩ። ከዚያ ዲስኩን አውጥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ለእኔና በር ላይ ለቆመው ባለቤቴ ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ነገር ሲያደርጉ ቆዩና መልሰው አስገቡት። ማጓራቱ ቆመ።

«ምን ነበር ጋሼ?»

«ቆሻሻ ነገር» አሉ በአጭሩ። እንደ እሳቸው ላለ ሰው ይሄ መልስ አልነበረም፤ እኔ ግን ከሰዓቱ በቀር የማየው ነገር አልነበረም።

ማጓራቱ ቢቆምም ፍጥነቱ ያው ነው። ማክሰኞ እንባዬ መጣ። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ ጣቴ ቁልፎቹን ገና አላወቃቸውም። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

«ይኸውልሽ። ይሄ ኮምፒውተር ማንበብ ደጋግሞ ሲያቅተው በራሱ ጊዜ ወደ ዝግተኛው አሠራር ይወርዳል። አንዴ ደንግጧል። አሁን ዲስኩም ሌንሱም ደኅና ናቸው፤ ግን አደጋው ማለፉን የነገረው የለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚነገረው?»

«ኮምፒውተሩ ከያዘው የዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ማንበቢያው የተያያዘበትን መስመር እናጠፋዋለን። ኮምፒውተሩን ዘግተን ስንከፍተው እንደ አዲስ ያገኘዋል፣ ቂሙንም ይረሳል።»

አጠፉት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት። ትምህርቱ ቡና ውስጥ ስኳር እስኪሟሟ እንኳ አልቆየም። እኔ ጮህኩ፤ ሚጣ ነቃች፤ ባለቤቴ ሳይመታው የሠራ ዕቃ አይቶ አፉን ያዘ። ጋሼ ግን ገና አልጨረሱም። ዲስኩን በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገለበጡልኝና፣ «ከእንግዲህ ዲስኩን አታስገቢው፣ ከዚሁ ክፈቺ። ሃምሳውም ደቂቃ የአንቺ ነው» ብለው ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ማክሰኞና ረቡዕ ጠረጴዛው እስኪግል ጻፍኩ። ሐሙስ ተፈተንኩ። በሳምንቱ «ሰኞ ሥራ ግቢ» ተባልኩ።

ሚጣን አዝዬ እየሮጥኩ ወረድኩ። በራቸው ክፍት ነው፤ ጋሼ የአንድ ሰው ካውያ ፈትተው ጥያቄ ላይ ናቸው። አጠገባቸው የመሣሪያ ሣጥናቸው አለ። ክዳኑ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በእኔው ፕላስተር፣ «የእማማ ትምህርት፤ አይነካም!»

የምሥራቹ አፌ ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ...»

«በአንድ ጎን የተለጠፈ ካርቶን ዲስኩን ሚዛን ያሳጣዋል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከካውያው ሳያነሡ። «ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል። ማንበቢያውም ይስታል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መነሻው እሱ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ነኛ ያበላሸሁት! ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

አሁን ቀና አሉ። «ባልሽ ለማሾፍ በር ላይ ቆሟል። ፈተናሽ ደርሷል። የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ዲስኩ ብቻ አልነበረም፣ ልጄ።»

ሚጣ ከጀርባዬ እጇን ዘርግታ ሣጥኑን ልትይዝ ተንጠራራች። ጋሼ በጣታቸው ጽሑፉን አሳዩዋት።

«አይነካም ይላል፣ አታነቢም?» አሏትና ክዳኑን ከፈቱላት።