ሊቀ ሽንት ምንይችልና የቆርቆሮው ሥጋ

ማንም ሳይሾመው ሐኪም የሆነ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ዞራችሁ እዩ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችሁ ቁጭ ይልና ዓይናችሁን አይቶ የጉበታችሁን ነገር ይነግራችኋል። ለቅሶ ቤት ሲመጣ ሟቹ በምን እንደሞተ ካስታመሙት ልጆች በላይ ያውቃል። የሌላው ከተማ ሐኪም ግን ተራ ነው፤ ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት አውርቶ ይበቃዋል። የእኛው፣ የመካነ ሰላሙ፣ የሚጠይቃችሁ ሽንታችሁን ነው።

ክቡር ጋሽ ምንይችል ናቸው። እኔና ሁዜይፋ ለብቻችን ስንሆን «ሊቀ ሽንት» እንላቸዋለን። ፊት ለፊታቸው ግን ደፍረን አናውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሐኪም አልነበሩም፣ ነርስም አልነበሩም፤ ካርድ ክፍል ነበሩ። የሰው ካርድ ከመደርደሪያ ፈልጎ ማውጣት ነበር ሥራቸው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ካርድ ያገላበጠ ሰው ምን የማያውቀው አለ? ሰላምታቸው ራሱ ስምን አይጠራም። «እንዴት አደርክ፣ ያ ሪህህስ?» ብለው ያልፋሉ፤ ባለ ሪሁ መሀል መንገድ ላይ ደርቆ ይቀራል።

የሽንቱ ነገር የጀመረው በሬዲዮ ነው። አንድ ፕሮፌሰር በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ የሚያበዛ ሰው የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊይዘው ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል፣ ገና እየተጠና ነው አለ። ጋሼ ሬዲዮኑን ዘግተው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ሲጋራቸውን ለኩሰው ወጡ። ፕሮፌሰሩ «ይጠረጠራል» ያለው ነገር እናኑ ቁርስ ቤት እስኪደርስ «ተረጋግጧል» ሆኖ ነበር።

እናኑ ያን ሰሞን አዲስ ምግብ ጀምራ ነበር። እንቁላል ፍርፍር ላይ ከደሴ የሚመጣ ሞርታዴላ፣ የፋብሪካ ሥጋ፣ ከትፋ ትጨምርና «ስፔሻል» ትለዋለች። ከተማው አበደለት። ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ።

«ስማቸው፣ ምንድን ነው የምትበላው?»

ስማቸው እህል ነጋዴ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱም ምላሱም። «ስፔሻል ነው ጋሼ። እንብላ።»

«ሽንትህ ምን ይመስላል?»

«እየበላን እኮ ነው።»

«አብሽር፣ ብላ። ግን አይተኸዋል? ሽንት ደብዳቤ ነው። የተላከለትን ደብዳቤ ሳያነብ የሚጥል ሰው አለ?»

«እኔ የሚጽፍልኝ የለም» አለ ስማቸው። «እናኑ፣ ለጋሼ ፖስታ ቤት ክፈቺላቸው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናኑ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ጋሽ ምንይችል፣ ወይ ግቡና ሻይ ጠጡ፣ ወይ ከበሬ ላይ ዞር በሉልኝ። ደንበኞቼን በሙሉ ሽንት ቤት ላኩብኝ እኮ።»

«ስለ ደንበኞችሽ ነው የምለፋው።»

«እሺ፣ ቋንጣስ?» አለቻቸው። «ጨው ተነስንሶበት፣ ተሰቅሎ ደርቆ የከረመ ሥጋ አይደለም?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። እንዲህ ሲሆኑ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን፣ ገበያ ነበር፣ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ፍርዱን ሰጡ። «ቋንጣን በተመለከተ። ቋንጣ ፋብሪካ አይቶ አያውቅም። ቋንጣ ዘመድ ነው።» ከዚያ ወዲህ በከተማችን ቋንጣ ነጻ ነው። ጋሼ ቋንጣ በጣም እንደሚወዱ ለመናገር የደፈረ የለም።

ወደ እኛ ቤት ሲመጡ ግን ነገሩ ከበደ። እኔና ሁዜይፋ ሞባይል እንጠግናለን። እሱ ይጠግናል፣ እኔ ሽፋን እሸጣለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። ሽሮው አንድ ነው፣ ድስቱ አንድ ነው። ሥጋ ሲሆን ግን እኔ የክርስቲያን፣ እሱ የእስላም፣ ለየብቻ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አንዳችን እንበላለን፣ አንዳችን ስልክ እንነካካለን። ታዲያ እህቱ አሚራ ከአረብ አገር የቆርቆሮ ሥጋ በካርቶን ላከችለት።

«ትበላለህ?» አለኝ።

«ማን እንዳረደው ማን አየ? ቆርቆሮ ላይ ሃይማኖት አልተጻፈም።»

«ተጽፏል እኮ። ይኸው፣ በአረብኛ።»

«እኔ አረብኛ አላነብም» አልኩና በላሁ።

ከአንድ ሳህን ሥጋ ስንበላ ያ የመጀመሪያችን ነበር። እንዴት እንደሚጣፍጥ አትጠይቁኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስቴ አራቴ ሆነ። ጋሼ መደርደሪያችን ላይ ቆርቆሮዎቹን ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው «ወይ ልጆቼ፣ ፊኛችሁን እየሸጣችሁት ነው» አሉ፣ በሌላው እጃቸው ሲጋራ ይዘው። ሁዜይፋ «ጋሼ፣ እኛ ረመዳን አለን፣ እሱ ጾም አለው፣ ይታጠባል» አላቸው። አልሳቁም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ይባስ አሉ። ሥጋ ሲቆም ሰውነት የደበቀውን ያወጣል ብለው ከተማውን በሙሉ በተቆረጠ ሃይላንድ ላይ ሽና፣ ብርሃን ላይ አንስተህ እይ ብለው አዘዙ። ሰው ስቆ ስቆ አንድ ቀን አየ። አየና ደነገጠ። ሰኞ ጠዋት አርባ የሚሆን ሰው ቀይ ሽንቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ በር ላይ ተሰለፈ። የላቦራቶሪው ልጅ ሰልፉን አየ፣ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ትናንት ምን በላችሁ?» በየአይነት። በየአይነቱ ላይ ምን ነበር? ቀይ ሥር።

ከዚያ በሩ ላይ «ቀይ ሥር የበላ ሁለት ቀን ቆይቶ ይምጣ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጋሼ አንድ ወር የከተማው መሳቂያ ሆኑ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ከአርባው ሰው መሀል ከከላላ በኩል ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ቀይ ሥር አልበላችም። ኩላሊቷ ነበር። ተልካ ታክማ ዳነች። ይሄን ስሰማ መሳቄን ተውኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ይሳቅብኝ፣ አንዷን ካገኘሁ ይበቃኛል የሚል ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መርፌ እፈራለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ፈተና ፈርቼ ነው። ግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ጎኔን ሲወጋኝ አድሮ፣ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ወረደ። ቀይ ሥር ነው አልኩ። ቀይ ሥር ከቀመስኩ ወር አልፎኝ ነበር። በልቤ የበላሁትን ቆርቆሮ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃያ ላይ ስደርስ ተውኩት። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ ሁዜይፋ። «ወላሂ ፊትህ የሬሳ ነው።»

ነገርኩት። ወጣና ጋሼን ይዟቸው መጣ። ስድቡን ጠበቅኩ። ጋሼ ቆርቆሮዎቹን አዩ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«ሐሙስ ደሴ እንሄዳለን።»

«አልሄድም ጋሼ። ካንሰር ነው ቢሉኝስ?»

«ባይሉህስ፣ ካለ የሚሄድ መሰለህ?»

 ሐሙስ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን።

መጀመሪያ እንደለመዱት ነበሩ። ሾፌሩን ስለ ሽንቱ ጠየቁት፣ ረዳቱን ጠየቁት፣ ከኋላ የተቀመጡ መነኩሲትን ሊጠይቁ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው። አቀስታ ስንደርስ መኪናው ቆመ፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ጉዳዩን ጨርሶ ተመለሰ። ጋሼ ብቻ ከአጥሩ ጀርባ ቀሩ። ሾፌሩ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ። ሲመለሱ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ብርዱ ነው ብዬ ጋቢዬን አለበስኳቸው። 

ሆስፒታሉ ካርድ መስኮት ላይ ጎንበስ አሉ። «ሁለት ካርድ።»

«ለማንና ለማን?» አለች ልጅቷ።

«ለእሱ፣ አለኸኝ። ለእኔ፣ ምንይችል።»

«እርስዎ ከዚህ በፊት የትም ካርድ አለዎት?»

«የትም የለኝም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ካርድ ያወጡ ሰውዬ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው?» አልኳቸው።

«ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ምኑ?»

«ደሙ።» ጫማቸውን እያዩ ነው የሚያወሩት። «ስንቱን ሰው ወደ ምርመራ ላክሁ፤ አንዱም ‹ጋሼ፣ አብረን እንሂድ› አላለኝም። ብቻዬን ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ። አንተ ፈሪ ስለሆንክ ብቻህን እንደማትመጣ አውቅ ነበር።»

እኔን ሊያሳክሙ ያመጡኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የእኔን አልትራሳውንድ አይታ ጠጠር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ውሃ ጠጣ አለችኝ። የእሳቸውን ስታይ ቆየች። ከዚያ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለቻቸው።

«አቁሜያለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

አልሳቀችም። እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ዶክተር፣ የቆርቆሮ ሥጋውስ?»

«ለፊኛ ካንሰር ዋናው ሲጋራ ነው፤ እሱ በደንብ የታወቀ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ሥጋ የሚያበዛ ሰው ላይ ትንሽ ይጨምራል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ልዩነት አላገኘንም የሚሉም አሉ። ለአንጀት ካንሰር ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። ቀንስ፣ አትጎዳም።» ጋሼ ግድግዳውን ያያሉ።

ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው፤ ተከትዬ ሄድኩ። በሽንት ቧንቧ ካሜራ አስገብተው እባጩን አወጡት። ካንሰር ነበር። ገና ላይ ላዩን ነው፣ ሥር አልሰደደም፣ በየሦስት ወሩ ደሴ እየመጡ ይታዩ ተባለ። የገባላቸው የሽንት ቱቦ በወጣ ማግስት ከሽንት ቤት ጠሩኝ። የሸኑበትን ብልቃጥ ዘርግተው ይዘውታል፣ ዓይናቸውን ግን ጨፍነዋል።

«አንተ እየው» አሉኝ።

አየሁላቸው። ብርሃን ላይ አነሳሁት። «ንጹህ ነው ጋሼ። ውሃ ነው የሚመስለው።» ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ። ያን ሁሉ ወር የሰውን ሲጠይቁ የራሳቸውን ለማየት ምን ያህል ፍርሃት ተሸክመው እንደዞሩ ያኔ ገባኝ። ፍርሃት እኔ ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። እየፈሩ ደግሞ አንድም ቀን መጠየቅ አላቆሙም።

መካነ ሰላም ስንመለስ ግን ያ ገበያን ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ድምፅ «ልጁን አሳክሜ መጣሁ» አለ። ካንሰር የሚለው ወሬ ቀድሞን ገብቶ ነበር፤ በቃ፣ ካንሰሩ የእኔ ሆነ። እናኑ በየጠዋቱ እንቁላል ታበዛልኛለች፣ ያለ ሞርታዴላ። ስማቸው እንኳን ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ» ይለኛል። ሁዜይፋ «የሰው በሽታ ተሸክመህ እስከ መቼ ነው?» ሲለኝ «አይከብድም» እለዋለሁ። እውነትም አልከበደኝም። ቆርቆሮውን ቀንሰናል፤ በእሱም በእኔም በዓል አንድ አንድ እንከፍታለን።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ እናኑ ቤት ውስጥ ገብተው መሀል ላይ ተቀመጡ። እናኑ ሻይ ስታቀርብ እንደለመደችው ወደ እኔ ዞረች። «ተሻለህ ወይ አለኸኝ?»

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እሱ ጠጠር ነበር። ካንሰሩ የእኔ ነው።»

ስማቸው መጉረሱን አቆመ።

«ሬዲዮው ያን ቀን መጀመሪያ ያወራው ስለ ሲጋራ ነበር። ሥጋው ከኋላ ነው የመጣው። እኔ ከሥጋው ጀምሬ ነው የነገርኳችሁ።» ሻያቸውን አንስተው ጠጡ። «ሐሙስ ሦስተኛው ምርመራዬ ነው።»

 እናኑ መጥታ የጠጡትን ብርጭቆ ደግማ ሞላችው። ሰው አንድ በአንድ እየተሰናበተ ወጣ። ስማቸው ብቻ ቀረ። ሳህኑ ባዶ ነው፣ ግን በዳቦ ይጠርገዋል። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰውዬ፣ ቀና ሳይል፣ ቀስ ብሎ፣

«ሐሙስ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለ።

ጋሼ ምንም አልጠየቁትም። ምን ይመስላል አላሉ፣ ስንተኛ ቀንህ ነው አላሉ።

«አስራ አንድ ሰዓት» አሉት። «ጋቢ ያዝ፣ አቀስታ ላይ ይበርዳል። አለኸኝ መሀላችን ይቀመጣል፤ እሱ ከሁለታችንም በላይ ፈሪ ነው።»