የጋሼ ኒውክለስ ዝምታ

ጋሼ ኒውክለስ በሕይወታቸው ሊፈቱት የተነሱት ችግር አንድ ነው፤ አቶም ከሞላ ጎደል ባዶ መሆኑን ሰውን ሁሉ ማሳመን። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ አስረጂ አይጠፋም። ስንት ሰዓት ነው ካላችሁት ስለ ሰዓት አሠራር ይነግራችኋል።

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህታቸው መከራዋን ታያለች። ጨርቅ ስትዘረጋ አጠገቧ ቆመው፣ “ጣትሽ ጨርቁን በእውነት የነካው ይመስልሻል? የሁለቱ ኤሌክትሮኖች እኮ ናቸው የሚገፋፉት” ይላሉ።

“ጋሼ፣ ባለ ቀሚሷ በር ላይ ቆማለች።”

“ትግባና እሷም ትስማ።”

ሳይንስ ሲያስተምሩ የመጽሐፉ ሥዕል ያበሳጫቸው ነበር፤ ኤሌክትሮኑ ኒውክለሱን ሊነካው ምንም አይቀረውም። አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ምስር አስቀመጡ። “ፕሮቶንና ኒውትሮን የታጨቁባት ኒውክለስ ይህች ናት። ኤሌክትሮኑን እንፈልግ” ብለው ክፍሉን በሙሉ ከግቢ ይዘው ወጡ። ርዕሰ መምህሩ እያለከለኩ ከአስፋልቱ ማዶ ሲደርሱባቸው፣ “አልጠፋንም ጌታዬ፣ ገና አቶሙ ውስጥ ነን” አሉ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ እህታቸው ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኝቶ የጨረር ሕክምና የምትጀምር ዕለት ዝም ያሉት። መንገዱን ሁሉ ዝም፤ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይም ዝም። እሷን ከዕጢው ይልቅ ይህ አስፈራት።

“ማሽኑ ውስጥ አልገባም” አለች። “ስለ ክር ግማሽ ቀን የምታወራ ሰው ዝም ካልክ፣ አልቆልኛል ማለት ነው።”

“አይደለም። ነገሩ አንቺ ላይ ሲደርስ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።”

“ከለመድክበት ጀምር።”

ጋሼ መነጽራቸውን ወለወሉ። “ጨረሩ ሲያልፍ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮን ፈልቅቆ ያወጣል። የታመመው ሕዋስ በዚያ ይጎዳና መራባት ያቅተዋል።”

“ጤነኛውስ?”

“እሱንም ይነካዋል። ግን ራሱን በመጠገን ይበረታል።”

“ታዲያ እድናለሁ?”

እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። “አላውቅም። የማውቀውን ግን አልደብቅሽም።”

ነርሷ ተራዋ መድረሱን ነገረቻት። እህት ተነሳች፤ “እየመጣሁ ነው፣ ወንድሜ ሊጨርስልኝ ነው” አለች።

አሁን ጋሼ ክንዷን ይዘው ኮሪደሩን እየሄዱ፣ በሩ ጋ ሳይደርሱ ፎቶን የሚባለው የጨረር ቅንጣት ምን እንደሆነ ለማስረዳት እየሞከሩ ነው። እሷም እንዲጨርሱላት እርምጃዋን አሳጥራለች።