ሰማዩን ማን ያጥረው?

«አጥር ለሌባ አይደለም፣ ለእንባ ነው» ይል ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሌባማ መሰላል አያጣም፤ ሰው ግቢውን የሚያጥረው ሲከፋው ከጎረቤት ዐይን ዘወር የሚልበት እንዲኖረው ነው ማለቱ ነው። እኔም ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ መዶሻውን ስለወረስኩ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እንባ ሳጥር ኖርኩ። በመቐለ ሓድነት ሰፈር ስታልፉ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ አጥር ካያችሁ የእኔ ሊሆን ይችላል። የተወላገደውም የእኔ ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ሲሚንቶ ቆጥቦብኝ ነው።

የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ጎረቤቱ ፎቅ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መስኮቱ ወደየት ነው?» ብሎ ነው። ወደ እሱ ግቢ ከሆነ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ካልተሰማ ቀበሌ ይሄዳል፤ ቀበሌም ካልሆነለት አጥሩ ላይ አንድ መደዳ ድንጋይ ያስጨምራል፣ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ። እንግዲህ ለአንድ መስኮት ይህን ያህል የምንሟገት ሰዎች በላያችን የሚበር ዐይን ሲመጣ ምን አደረግን? ቀና ብለን አየነው። ምን እናድርግ? ለሰማይ ሽማግሌ በማን በኩል ይላካል?

ድሮን እዚህ መቐለ ለምን እንደሚፈራ አልነግራችሁም። የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ አትወቁት። ዛሬ ታናሽ ወንድሙ ነጭ ለብሶ ሙሽራ ሊቀርጽ ይመጣል። ባለፈው ጥር የጎረቤታችን የወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ ስትዳር ከድንኳኑ በላይ መጥቶ ሲያንዣብብ ግማሹ ሰርገኛ እጁን አወዛወዘለት፣ ግማሹ ግድግዳ ተጠጋ። እኔ ከባለግድግዳዎቹ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ ስለ ለታይ ልንገራችሁ። ልጃችን ኪሮስ በጦርነቱ ጊዜ ሄዶ ቀረ። መርዶው ዘግይቶ መጣ፤ ሐዘን ተቀመጥን፣ ተዝካሩንም እንደ አቅማችን አወጣን። ከዚያ ወዲያ የሟች ልብስ ለድኻ ይሰጣል፤ ወጉ ነው። ለታይ አልሰጥም አለች። እኔ ደግሞ ጸሎት የማበዛ ሰው ነኝ። የጸሎተኛ ክፉ ጎኑ የሌላውንም መንገድ ካላቃናሁ ማለቱ ነው። «ልብሱን ታቅፎ መቀመጥ እግዚአብሔርን ማማረር ነው» አልኳት። እናት ለሆነች ሴት ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ሰጠሁት፣ ደስ ይበልህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው፤ መረቁን።

ከሰርጉ በኋላ በሦስተኛው እሑድ ወይዘሮ አልጋነሽ ጎረቤቱን ቪዲዮውን እንዲያይ ጠሩ። ፊልሙ ገና አላለቀም፤ ካሜራማኑ አይታችሁ የሚስተካከል ካለ ንገሩኝ ብሎ የሰጣቸው ነው። ለታይ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። ፊልሙ የሚጀምረው ከሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳን ሲተከል ነው፤ ከላይ። ሁሉም የራሱን ጣራ ፍለጋ ገባ። አንዱ ቆርቆሮዬ እንዲህ ዝጓል ለካ አለ፤ ሌላው እኛማ ከታች ሆነን እናይልህ ነበር አለው። ደስ ይል ነበር። ቀጥሎ የእኛ ግቢ መጣ። ያ ወገቤ እስኪቆረጥ የገነባሁት አጥር ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የትሪ ጠርዝ። በትሪው መሐል ለታይ ቆማለች።

ገመዱ ላይ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሰማያዊ ሹራብ ተሰጥቷል። ሱሪው በእጇ ነው። ታራግፈዋለች፣ እጥፋቱን በመዳፏ ታቃናለች፣ ከዚያ ወደ ፊቷ ታስጠጋውና ዝም ብላ ትቆማለች። ኋላ አፏ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ታወራዋለች። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ እሷ ጉልበቴን ያመኛል ብላ ትቀራለች። ድንኳን ተካዮቹ ድምፅ ማጉያ ሲሞክሩ ስለነበር ከላይ የመጣባትን አልሰማችም። የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ እንኳ ዘላ ቤት የምትገባ ሴት ናት።

«ለታይ ሓፍተይ፣ ሰው ድንኳን ሲተክል አንቺ ልብስ አጠባ ላይ ነሽ?» አላት የሙሽራዋ አጎት። ሰው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የማን ልብስ እንደሆነ አላወቀም። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን ሹራቡን አወቁት፤ ለኪሮስ በእጃቸው የሠሩለት እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ጠፋ። ዘፈኑ ብቻ ቀጠለ፤ ፊልም አያፍርም። ለታይ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ በአጠገቤ አለፈች፣ አላየችኝም።

ቤት ገብቼ ምን እንደምላት ሳስብ ቀደመችኝ። «እግዚአብሔር ብቻ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ እንድታገኝ ብዬ ከኪዳን በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ያለ ሥራዬ ተቀምጬ አረፈድኩ። ስመለስ ገመዱ ባዶ ነው። በሌላውም ቅዳሜ ባዶ። ውኃ ለመቅዳት እንኳ ስትወጣ ሰማዩን ሰርቃ አይታ ነው። ልብሱ ከሳጥን አልወጣም፤ ፀሐይ ካላገኘ ብል እንደሚበላው ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንነጋገርም። መጀመሪያ እኔ ከለከልኳት፣ ኋላ ካሜራው። አንዲት እናት ከልጇ ጋር የምታወራባት የገመድ ሥር ቦታ ነበረቻት፤ አሁን የላትም።

ፊልሙ አልቆ ለዘመድ ሳይበተን ለታይ የምትታይበትን ያጠፋልኝ እንደሆነ ብዬ ወደ ካሜራማኑ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ከዳዊት የማውቀውን እየደገምኩ፣ በመሐል በመሐሉ የምሰድበውን ስድብ እያዘጋጀሁ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የጠበቅሁት ጸጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ ነው። ያገኘሁት የእኔ እኩያ የሆነ ሽበታም ሰውዬ፣ የመነጽሩ እግር በክር የታሰረ። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው አንድ ቃል አልተከራከረኝም። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ለታይን ፈልጎ አገኛት፣ ከፊልሙ ቆረጣት፤ ከዋናው ቅጂም እያየሁ አጠፋት። ስድቤ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ገብቼ እነግራታለሁ፣ ምናልባት ቅዳሜ ትወጣለች እያልኩ ለመሄድ ተነሣሁ። ከበሩ ላይ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ሰው ግቢ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አላጠለቀውም። እንዲህ አለኝ፦

«ሓወይ፣ ወደ ላይ ባወጣሁት ቁጥር አያለሁ። ሸሚዝ የምታሰጣ አለች፣ ጫማ ፀሐይ ላይ የምታስቀምጥ አለች። ያንተን አጠፋሁልህ፤ ለሌሎቹ ግን አጥፋልኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም።»