የአያ ፈንቴ መቁጠሪያ

ሰው አስተዋይ ይለኛል። እናንተ ግን አትመኑ። አጥሩን ዘግቼ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ ተመልሼ ካልነቀነቅሁት እግሬ የማይራመድልኝ ሰው ነኝ። ተጠራጣሪ ሲያረጅ አስተዋይ ይባላል፤ እኔ ሳላረጅ ተባልሁ፣ ይኸው ነው። እስቲ አንድ ሥራዬን ልንገራችሁና ፍረዱ።

ጥልያን ቡሬ ላይ በመሸገበት ዘመን አያ ፈንቴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። የጥልያን ጆሮ ጠቢ ናቸው። አረማመዳቸው የድመት ነው፤ ካጥር ሥር ቆመው ምን እንደምትበላ ሳይሆን ለማን እንደምታበላ ያዳምጣሉ። በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ እግሩን በጥይት ተመትቶ ከጫካ መጥቶ፣ እኛ ቤት ከጎታው ኋላ ተኝቶ ነበር። ከታወቀ እሱ ይሰቀላል፤ ቤቱም ይቃጠላል።

አንድ ጠዋት አያ ፈንቴ ከደጃችን ከች አሉ።

«አንተ፣ እጅህ ብልህ ነው አሉ። መቁጠሪያ ሥራልኝ።»

«ለእርስዎ?» አልሁ፤ አፌ ቀደመኝ።

«ምነው፣ እኔ ኃጢአት የለብኝም?»

ለባንዳ መቁጠሪያ መሥራት ያስኮንን እንደሆነ የንስሐ አባታችንን መምሬ ውበቱን ሄጄ ጠየቅሁ። «ሥራለት ልጄ» አሉኝ፤ «ጸሎት ሲቆጥር ሰው መቁጠሩን ይተው ይሆናል።»

ሠራሁ። የደረቀ ወይራ ቆረጥሁ፤ እያንዳንዱን ፍሬ በስንደዶ ለክቼ እኩል አደረግሁ፤ በጋለ ወስፌ በሳሁ፤ ቅቤ ቀብቼ አሸሁ። አርባ አንዱን ፍሬ በሰም በታሸ ፈትል ሰካሁ። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ መጣ። ፈትሉን ባጠብቀውና ቢበጠስስ? መቁጠሪያ ሲበጠስ ክፉ ምልኪ ነው፤ ምልኪው የሳቸው፣ መዘዙ የኔ! ላላ አድርጌ ቋጠርሁት።

ጉዱ የተሰማው ይዘውት ሲሄዱ ነው። ቀጭ፣ ቋ። ቀጭ፣ ቋ። ደረቅ ወይራ ሲጋጭ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ የአያ ፈንቴ እጅ ደግሞ አያርፍም። እኔ በሥራዬ አፈርሁ። እናቴ ግን ከምድጃው ቀና ብላ፣ «እጅህ ይባረክ!» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀጭ ሲል ወንድሜ ወደ ጎታው ኋላ ይሳባል፤ ቋ ሲል እናቴ እሱ የሚበላበትን ጣባ ትሸሽጋለች፤ ሲርቅ ወሬያችን ካቆመበት ይቀጥላል። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ።

እኔን ግን የላላው ሥራ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ ሞኝነቴን እዩልኝ፣ «አያ ፈንቴ፣ ይጮሃል፤ ላጥብቅልዎ?» አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ተወው፤ ለምጀዋለሁ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ያለችኝን አልነግራችሁም።

ወንድሜ ድኖ ጫካ ተመለሰ። ጥልያንም ወጣ። ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጠው አያ ፈንቴን «ባንዳ!» ብለው አቆሟቸው። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መቁጠሪያውን ከፍ አድርገው አንቀጫቀጩት።

«ይህን ድምፅ ያልሰማ ይነሣ!»

ማን ይነሣ?

«ሰምቶ ያልተሸሸገስ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ታዲያ ማን ነው ሲያስጠነቅቃችሁ የኖረ?»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «አውቀህ ነው ያላላኸው?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«የለም፣ ፈርቼ ነው።»

«የፈሪ እናት አታለቅስም» አለ አንዱ፤ ሳቁብኝ። «ፈንቴስ አውቆ ነው ያንቀጫቀጨው?»

እኔ የሰው ልብ በስንደዶ አልለካ! «ላጥብቅልዎ ብላቸው እምቢ ብለውኛል» አልሁ። እውነት ነው። በዚህች ቃል በነፃ ሄዱ። ወንድሜ እስከ ዛሬ፣ «ኧረ ለመሆኑ ያዳነኝ ያንተ ፍርሃት ነው የሳቸው ጽድቅ?» እያለ ያሾፍብኛል። አላውቅም።

በሳምንቱ አያ ፈንቴ መጡ። «አሁን አጥብቅልኝ» አሉ።

አጠበቅሁት፤ በፍሬዎቹ መካከል ስንደዶ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ድምፃቸው አይሰማም። ስለዚህ ስማቸውን ሊያነሣ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ወጥቶ አጥሩን ዞሮ ያያል።

ድሮ አጥር የምፈትሽ እኔ ብቻ ነበርሁ። አሁን መንደሩ ሁሉ አስተዋይ ሆኗል።